እግር ዳሳሹ

ያፌት በቀን የአሥራ ስምንት ሰው እግር ይዳስሳል። እንጀራው ነው። መታወቂያው ላይ «የስሜት ምዘና ባለሙያ» የሚል ተጽፎበታል፤ የሰፈሩ ሰው ግን «እግር ዳሳሹ መጣ» ነው የሚለው። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። አግብቶ አያውቅም፣ ልጅም የለውም። በቀን ውስጥ ሰው የሚነካው በሥራው ምክንያት ብቻ ነበር።

የሚሠራበት ከተማ ከኮምቦልቻ በታች ቦርከናን ተከትሎ የበቀለ ነው፤ ነዋሪዎቹ ታች ከተማ ይሉታል። አርባ ሁለት ባለ ፎቅ ሕንፃዎች ወንዙን ይዘው ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ሁለት ቧንቧ ገብቷል፤ አንዱ የውኃ፣ ሌላው የትንፋሽ። ውኃው በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል። ትንፋሹ ግን ከተዘረጋ ጀምሮ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። የመጽሐፍ ስሙ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ በድሮ ጊዜ ሐኪሞች ጥርስ ሲነቅሉ ለሕመምተኛ ይሰጡት ነበር ይባላል።

ትንፋሹ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ሲሆን መንገዱ ጭር ይላል። ዳቦ ቤቱ መዝጊያውን ያወርዳል፤ ባጃጆቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ በስልክ የሚያወራው ሰው «በቃ፣ ሰዓቱ ደረሰ» ብሎ ይዘጋል። ሁሉም ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ጭንብሉን አፍንጫው ላይ ያጠልቃል። ጥቂት ቆይቶ ሳቁ ይጀምራል። መጀመሪያ ከላይኞቹ ፎቆች ይነሣና በየደረጃው ወደ ታች ይወርዳል። ከውጭ ለሚሰማው ሰው ትልቅ ሠርግ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን የቀለደም የተቀለደበትም የለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚስቀው። ባልና ሚስት እንኳ ወንበራቸው ጀርባ ለጀርባ ነው፣ ቱቦው እንዳይጠላለፍ።

ትንፋሹ ጉዳቱን የሚያሳየው እግር ላይ ነበር። ያፌት ሥልጠና ሲገባ ያስተማሩት ሐኪም እንዲህ ብለው ነበር፦ «ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው። ልባሱን የሚጠብቀው ቢ12 የሚባለው ቀዩ ቫይታሚን ነው። ትንፋሹ ይህንን ቫይታሚን ያዝገዋል። ደም ስትመረምሩ ታገኙታላችሁ፣ በሽ በሽ ነው፤ ግን የዛገ ቁልፍ ነው፣ በሩን አይከፍትም። ስለዚህ ደሙን አትመኑ፣ እግሩን ጠይቁ።»

እግሩን መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ተመዛኙ ጫማውን ያወልቃል፣ ጋደም ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ያፌት ነዛሪ የሚሉትን ባለሁለት ጣት ብረት መዳፉ ላይ መታ አድርጎ እጀታውን በሰውየው አውራ ጣት አጥንት ላይ ያቆመዋል። ብረቱ ሲነዝር የተሰማው ሰው «አለ» ይላል፤ ንዝረቱ ሲያልቅ «ቆመ» ይላል። ጤነኛ እግር ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ ይሰማዋል። ከአምስት ሰከንድ በታች የሆነበት ሰው የትንፋሽ ቧንቧው ለአንድ ዓመት ይታሸጋል።

ስለዚህም ሰው ይዋሻል። አንዳንዱ በሽፋሽፍቱ ሥር አጮልቆ ያያል። አንዳንዱ የብረቱን ድምፅ በጆሮው ይከተላል። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ መንታ ወንድሙን በራሱ ስም አስተኝቶ ቆይቶታል። ያፌት ብልሃታቸውን አንድ በአንድ ያውቃል። ሳይመታ ብረቱን ዝም ብሎ አጥንታቸው ላይ ያቆመዋል፤ እነሱም «አለ» ይላሉ። ያን ጊዜ አይቆጣም፣ አይገሥጽም። ዜሮ ይጽፍና ካልሲያቸውን ያቀብላቸዋል።

እትዬ ሶልያናን ያገኛቸው በመስከረም መጨረሻ ነበር። ሃያ ሰባተኛው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከደሴ ወርደው ታች ከተማ ከገቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ገና ሳይደርስ በሩን ከፍተው ይጠብቁት ነበር። አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው እግራቸውን ዘረጉለት፣ ዓይናቸውንም ሳይነገራቸው ጨፈኑ። ያፌት ብረቱን መትቶ አውራ ጣታቸው ላይ አቆመ።

«የለም» አሉ እትዬ ሶልያና።

ያልገባቸው መሰለው። «እትዬ፣ ሲነዝርዎ “አለ” ይበሉኝ፤ ሲያቆም “ቆመ”።»

«ገብቶኛል። የለም።»

ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አደረገው። «የለም።» ቅልጥማቸው ላይ አደረገው። «የለም።» ጉልበታቸው ላይ ሲያደርስ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው፣ «እዚህች ጋ ዝንብ ያረፈች ያህል ትንሽ አለች» አሉ።

ያፌት በሥራው አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ከመንካቱ በፊት «አለ» የሚሉ ሰዎች እንጂ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ዜሮ ጽፎ ቀና አለና፣ «ቧንቧዎ ይታሸጋል» አላቸው።

«ይታሸግ።»

«ለአንድ ዓመት ነው።»

«ሰማሁህ፣ ልጄ። እኔ ደሴ ሠላሳ ሰባት ዓመት ውዝዋዜ አሠልጥኛለሁ። እግሬ የት እንዳለ ሳላየው የማላውቅ ከሆነ ምኑን ኖርኩት? እሸገው።» ከአልጋው ጠርዝ ይዘው ተነሡና ተቀመጡ። ካልሲያቸውን ሲያቀብላቸው አልተቀበሉትም፤ ፊቱን ያዩት ነበር። «አንተስ?» አሉት።

«እኔ ምን?»

«ከበሩ እስከዚህ ድረስ እግርህን እያየህ ነው የመጣኸው። እግሩን የሚያይ ጀማሪ ተማሪ ነው። የለመደ ሰው እግሩን አያይም፣ ያምነዋል እንጂ።»

«ወለሉ ያዳልጣል ብዬ ነው።»

«ፊትህን ስትታጠብ ግድግዳ ትደገፋለህ?»

ያፌት ጠዋት ጠዋት ፊቱን የሚታጠበው በአንድ እጁ ነው፤ በሌላው የቧንቧውን አንገት ይይዛል። መቼ እንደጀመረው አያስታውስም። ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«እኔ በየዓመቱ እመዘናለሁ» አላቸው።

«ማን ነው የሚመዝንህ?»

«ባልደረባዬ።»

«እሱንስ?»

«እኔ።»

እትዬ ሶልያና ካልሲያቸውን ከእጁ ወስደው ማጥለቅ ጀመሩ።

የዚያን ዕለት ቤቱ እንደ ገባ መታጠቢያው ክፍል ቆመ፣ እግሮቹን ገጠመና ዓይኑን ጨፈነ። ሦስት ሳይቆጥር ትከሻው ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ብረቱን መታና ቁርጭምጭሚቱ ላይ አቆመው። የብረቱ ጣቶች ሲርገበገቡ በዓይኑ ያያል፤ ሲጮኹም ይሰማል። እግሩ ግን የሌላ ሰው እግር ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ሞከረው። ጫማውን ለማሰር አንገቱን ሲደፋ ከማጅራቱ ተነሥቶ በጀርባው የሚወርድ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ከክረምቱ ጀምሮ ያሠቃየው ነበር፤ ድካም ነው ብሎ ትቶት ነበር። ይህን ምልክት ለሌሎች ሰዎች ስንት ጊዜ በወረቀት እንደጻፈላቸው ቁጥሩን አያውቀውም።

እንዲህም ሆኖ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጭንብሉን አጠለቀ። ሳቀም። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ሚኪያስን ቢሮው ሄዶ አነጋገረው። ሚኪያስ በየዓመቱ እግሩን የሚመዝነው ባልደረባው ነው፤ መመዘን ከተባለ። ልማዳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ሙሉ ቁጥር መጻፍ ነበር።

«ዛሬ የምርህን መዝነኝ» አለው ያፌት።

ሚኪያስ ሳቀና ፊቱን ሲያይ ሳቁን ተወ። «ምን ነካህ? ዜሮ ከጻፍኩብህ ከመስክ ያወጡሃል። መዝገብ ቤት ነው የሚከቱህ፤ መስኮት የሌለው ክፍል።»

«ይክተቱኝ።»

«የኔ ተራ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ነው» አለ ሚኪያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያኔ ምን ብለህ ልትጽፍብኝ ነው?» ወረቀቱን ሳበና ሃያ ሰከንድ ብሎ ጻፈ። ፈርሞም ሰጠው።

ያፌት ያንን ወረቀት በኪሱ እንደያዘ ሃያ ሰባተኛው ሕንፃ ሄደ። እትዬ ሶልያና በግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ አስመትተው ነበር፤ እሱን ይዘው መጥተው ከፈቱለት። ብረቱን እጃቸው ላይ አኖረላቸው፣ እንዴት እንደሚመታ አሳያቸው፣ ጫማውን አውልቆ ጋደም አለ። ብዙ ዓመት የሰው እግር ነክቷል፤ የሱን እግር የነካ ሰው ግን አልነበረም። የአሮጊቷ ጣቶች እግሩን ይይዙት አይይዙት እንደሆን ማወቅ ፈለገ፤ አላወቀም።

«አለ?» አሉት።

«የለም።»

«አሁንስ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«እኔ አልጽፍም» አሉት ሲጨርሱ፤ «ራስህ ጻፈው።» የሚኪያስን ወረቀት ቀዶ በአዲስ ወረቀት ላይ ስሙንና ዜሮ ቁጥሩን ጻፈ። በማግሥቱ ለአለቃው አስገባ። በአራተኛው ቀን ሠራተኛ መጥቶ ቧንቧውን ዘጋና በእርሳስ ማኅተም አሸገው። በሳምንቱ ነዛሪውን አስረክቦ መዝገብ ቤት ገባ።

ሥራው የሌሎችን መዛኞች ቁጥር ከወረቀት ወደ ማሽን መገልበጥ ሆነ። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ሰው አያገኝም። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ክሊኒክ ሄዶ ቀዩን መርፌ ይወጋል፤ ነርሷ ስሙን ክሊኒኩ እጅ አንጓው ላይ ካሰረለት መለያ ታነብባለች እንጂ አትጠይቀውም። ከሥራ ሲወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ይቃረባል። በጭር መንገድ እግሩን እያየ ቤቱ ይደርሳል። ከዚያ ያ ሁለት ሰዓት ይመጣል።

ያ ሁለት ሰዓት ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አያውቅም ነበር። ግድግዳው በአራቱም ማዕዘን ይስቃል። ከላይ ያለው ጎረቤት ይስቃል፣ ከታች ያለው ይስቃል። ያፌት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሬዲዮ የለም፣ በዚያ ሰዓት የሚያሰራጭ ጣቢያ የለምና። የሚደውልለት ሰው የለም፤ እሱ ቢደውልም የሚያነሣለት የለም።

በዘጠነኛው ቀን እናቱ መጣችበት። እናቱ ብሌን ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል። ለቅሶ የሚባለው ነገር በታች ከተማ አጭር ነው። የእድሩ ሰዎች ስድስት የትንፋሽ ሲሊንደርና ሠላሳ ጭንብል ይዘው መጥተው ነበር፤ አንድ ሰውዬ ሰዓቱን አይቶ «ሃያ ደቂቃ» አለ። ሃያ ደቂቃ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም እጁን ጨብጦት ወደ ቤቱ ሄደ። ያፌት አሁን ተቀምጦ ያንን ቀን ፈለገው። ሬሳዋን እነማን ተሸከሙ? ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ? አፈር ሲመለስ የት ነበር የቆመው? ባዶ ነበር። ሥልጠና ላይ ያስተማሩት ሐኪም ስለ አንድ ሌላ ጋዝም ነግረዋቸው ነበር፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሉታል። ከትንፋሹ ጋር ስሙ ቢቀራረብም ሥራው ሌላ ነው። ከቧንቧ አይመጣም፤ ነርቭ ራሱ ያመርተዋል፤ ዕድሜው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው መልእክት አድርሶ ይጠፋል፤ ያየነው ነገር በልባችን እንዲቀር ያግዛል። በዚያ ቀን በእሱ ውስጥ መልእክቱን ያደረሰ አልነበረም።

የቀብሯን ቀን ሲያጣው ሌላ ቀን አገኘ። እናቱ የቀሚሷን ዘርፍ ሰብስባ በሞላው ቦርከና ዳር ቆማ፣ «እዚያው ቁም፣ እኔ እመጣለሁ» ትለዋለች። ስድስት ዓመቱ ነበር። ቆሞ ጠብቋት ነበር፣ መጥታም ነበር። ያፌት እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ አልቻለም። እንደ ልጅ ጮሆ አለቀሰ። የልቡን ሁሉ አለቀሰ፣ ቧንቧ እስኪዘጋ ድረስ።

በማግሥቱ ደረጃው ላይ ከጎን ቤት የምትኖረው ሴት አገኘችው። ከገባ ጀምሮ ከእግዜር ሰላምታ በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

«ጋሼ ያፌት፣ ትናንት ደህና ሲስቁ አመሹ» አለችው። «ደስ ይላል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ መቀመጥ አልቻለም። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እትዬ ሶልያና ይሄድ ጀመር። መስኮቱን ግጥም አድርገው ይዘጋሉ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ይወትፋሉ፣ ሳቁ እንዳይገባ። እሳቸው ደሴን ያወሩለታል፤ ጭጋጉ ሲወርድ መድረኩ ላይ ያሉት ተወዛዋዦች እርስ በርስ ሳይተያዩ እንዴት እንደሚጨፍሩ። ደግሞ ያለማምዱታል። ጠረጴዛውን በአንድ ጣት ነክቶ ዓይኑን እንዲጨፍን ያዙታል፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ይቆጥራሉ። «አራት፣ አምስት... ትከሻህን ልቀቀው። ስድስት።» ኅዳር ላይ አሥር ደረሰ። ጥር ላይ ጣቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ ሃያ ቆመ። እሳቸውን ግን ሁለት ጊዜ ወድቀው አገኛቸው፤ አንዴ ኩሽና ውስጥ፣ አንዴ በሩ አጠገብ። ሌላም ሌላም ነገር ነበር፤ አይነግሩትም፣ እሱም አይጠይቅም። አልጋው ላይ ላስቲክ እንደተነጠፈ ግን አየ።

በየካቲት፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ውስጥ እግሩ እሳት እንደረገጠ ሰው ተቃጠለ። ክሊኒክ ሲደርስ ቀን በቀን የምትወጋው ነርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ቀና ብላ አየችው።

«ያቃጥልዎታል? እሰይ ይበሉ» አለችው። «ነርቩ እየተመለሰ ነው።»

ያንን ዜና ይዞ ሃያ ሰባተኛው ሕንፃ ደረጃውን ሳይደገፍ ወጣ። እትዬ ሶልያና እግሩን በሁለት እጃቸው ይዘው መሃል እግሩን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፤ ሳያስበው እግሩን ሰበሰበ። «እሰይ» አሉ እሳቸውም። «እሰይ፣ ልጄ።» ከዚያ ከትራሳቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አቀበሉት።

ቅጹን ያውቀዋል። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ የሆነና በአምስት ወር ሕክምና እግራቸው ያልተመለሰ ሰዎች ቧንቧቸው እንዲከፈትላቸው የሚጠይቁበት ነው። ከታች «የቅርብ ሰው ፊርማ» የሚል ባዶ ቦታ አለው።

«ምንድነው ይሄ?» አላቸው፣ እያወቀው።

«ታውቀዋለህ።»

«እሸገው ያሉኝ እርስዎ ነበሩ።»

«እግሬ ይመለሳል ብዬ ነበር» አሉት። «ያንተ ተመለሰ። የኔ አይመለስም፤ ጨርሶታል። ሐኪሙ ባለፈው ወር ነገረኝ፤ አንተን አላስፈራም ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«ታዲያ እጅዎ አለ። ጉዳቱ ወደ ላይ ይወጣል እኮ! እጅዎንም ይወስደዋል።»

«ይወስደዋል።»

«እኔ በየቀኑ እመጣለሁ። እየመጣሁም ነው።»

የእትዬ ሶልያና ድምፅ ቁጣ አልነበረበትም። «ሁለት ሰዓት ነው የምትመጣው፣ ልጄ። ሌላው ሃያ ሁለቱ የኔ ነው። ተኝቼ ጣሪያ አያለሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመት የጨፈርኩት ሁሉ በጭንቅላቴ ይጨፍራል፤ እግሬ ግን አይሰማም። አንተ ለምን እንደነቃህ ምክንያት አለህ። እኔ ለማን ብዬ ነው የምነቃው?»

ያፌት «ለኔ» ሊላቸው አፉን ከፈተ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግሮ አያውቅምና ቃሉ አልወጣለትም። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያየው ቆየ። ውጭ መንገዱ ጭር አለ፤ ከላይኛው ፎቅ የመጀመሪያው ሳቅ ተነሣ፤ በሩ ሥር ጨርቁን ያልወተፉት መሆኑን ያኔ ነው ያወቁት።

«ሌላ ሰው የለኝም» አሉት። «ቢኖረኝ አንተን አላስቸግርም ነበር።»

ፈረመ።

ቧንቧው በመጋቢት መጀመሪያ ተከፈተ። ያፌት አሁንም ከሥራ ሲወጣ እዚያ ይሄዳል። ከመድረሱ በፊት ሰዓቱ ስለሚሞላ በሩን በሰጡት ቁልፍ ይከፍታል። እትዬ ሶልያና ወንበራቸው ላይ ጭንብሉን አጥልቀው ያገኛቸዋል። ይስቃሉ። አንዳንድ ቀን ትከሻቸው በሳቁ መካከል የድሮውን ውዝዋዜ ጀምሮ ይተወዋል። አጠገባቸው በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ አፋቸው ጥግ የወረደውን ምራቅ በመሐረብ ይጠርጋል፤ እጃቸውን ይይዛል። ጣቶቻቸው ቀዝቃዛ ናቸው፤ ከወር ወር መልሰው የሚይዙበት ጉልበት እየቀነሰ መሆኑ ይሰማዋል። እሱ ሁሉም ነገር ይሰማዋል። ወለሉ በካልሲው ውስጥ ይቀዘቅዘዋል፤ የበርጩማው አንዱ እግር አጭር መሆኑ ይታወቀዋል።

አንድ ሰዓት ሲሆን ቧንቧው ይዘጋል። ሳቁ በየፎቁ ይቆማል። እትዬ ሶልያና ጭንብሉን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሹና ከጎናቸው ሰው መኖሩን ሲያዩ ይገረማሉ።

«መቼ መጣህ?» ይሉታል።

«አሁን» ይላቸዋል፣ ሁልጊዜ።